ነፋስ ሲነሣ መቅረዝ ማሰናዳት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

ቅዱስ ጳውሎስ ታስሮ በባሕር ወደ ሮም ሲወሰድ መርከቢቱ በቀርጤስ ደሴት መልካም ወደብ በሚባል ስፍራ ቆማ ነበር። ጊዜው የአይሁድ ጾም ያለፈበት፥ የመጸው ነፋስ የሚነሣበት ወራት ስለ ነበረ፥ ሐዋርያው ጕዞው ብዙ ጥፋት እንደሚያመጣ አስቀድሞ ተናገረ። የመቶ አለቃው ግን ከእስረኛው ቃል ይልቅ የመርከቡን መሪና የመርከቡን ባለቤት አመነ። በኋላም ከደቡብ ለስላሳ ነፋስ ቢነፍስላቸው ያሰቡት ሁሉ የተሳካላቸው መስሎአቸው መልሕቃቸውን አንሥተው ሄዱ፤ ብዙም ሳይቈዩ አውራቂስ የሚባለው ዐውሎ ነፋስ ከደሴቲቱ ወርዶ መርከቢቱን ነጠቃት (ሐዋ. 27፥9—15)።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ አንብበነዋል፤ በመከራ ጊዜ ስለ መጽናትም ሰብከንበታል። ዛሬ ልናስተውለው የወደድነው ግን ብዙ ጊዜ ዐልፈነው የምንሄደውን ነው፤ ይኸውም ሐዋርያው ወራቱንና ነፋሱን ተመልክቶ ለሰው ነፍስ ማሰቡ ነው። ይህንም ለመጻፍ ያነሣሣን በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችን፥ በሎስ አንጀለስ፥ በኦክላንድ፥ በሳን ሆሴና በአካባቢው ቤተ ክርስቲያን ተክለው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት ሁሉ፥ በየዓመቱ መስከረም ጠብቶ ነፋሱ በተነሣ ቍጥር የሚገጥማቸው ነገር ነው። በዚያ አገር ነፋስ ሲበረታ መብራት ይጠፋል፤ የሚጠፋውም ሽቦው ስለ ተበጠሰ ብቻ ሳይሆን ባለ ኤሌክትሪኮቹ ራሳቸው ዐውቀው ስለሚያጠፉት ነው።

የነገሩ ምክንያት እንዲህ ነው። በካሊፎርኒያ በበጋ ዝናም የሚዘንበው እጅግ ጥቂት ነው፤ ሣሩና ቍጥቋጦው ደርቆ እንደ ገለባ ይሆናል። ከመጸው መግቢያ ጀምሮ፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ ጥር ድረስ፥ በኔቫዳና በዩታ በረሓማ ደጋ ላይ የከበደ አየር ይከማችና ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይፈስሳል። አየሩ ከተራራ ሲወርድ ይታመቃል፤ ሲታመቅም በየ1,000 ሜትሩ ቍልቍለት ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይሞቃል፤ ሲሞቅም እጅግ ይደርቃል። ይህን ነፋስ በደቡብ ሳንታ አና፥ በሰሜን በሳን ፍራንሲስኮ ዙሪያ ደግሞ ዲያብሎ ይሉታል። ዲያብሎ በስጳኝ ቋንቋ ዲያብሎስ ማለት ነው፤ ነገር ግን ስሙ የተወሰደው ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ካለው ከዲያብሎ ተራራ ነውና ሌላ ምሥጢር አይፈለግለት።

እንዲህ ባለ ቀን አንድ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተበጥሶ በደረቅ ሣር ላይ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን ቅዱስ ያዕቆብ ትንሽ እሳት ምን ያህል ዱር እንደሚያቃጥል በተናገረበት ቃል (ያዕ. 3፥5) አስቀድሞ ታውቋል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ በሰሜን ካሊፎርኒያ ከአንድ አሮጌ የኤሌክትሪክ መስመር የተነሣው ሰደድ እሳት ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፓራዳይዝ ወደምትባለው ከተማ ደረሰ፤ 85 ሰዎችም ሞቱ፥ ከ18,000 የሚበልጡ ቤቶችና ሕንፃዎች ወደሙ። ስሟ በእኛ ቋንቋ ገነት ማለት የሆነችው ይህች ከተማ በአንድ ቀን ዐመድ ሆነች። የመስመሩ ባለቤት ፒጂ ኤንድ ኢ የተባለው ኩባንያም በ2020 በፍርድ ቤት ቀርቦ በ84 ሰዎች ሞት ጥፋተኛ መሆኑን አመነ።

ከዚህ የተነሣ ነፋሱ ሳይደርስ ኤሌክትሪኩን አስቀድሞ ማጥፋት እየተለመደ ሄደ። በኦክቶበር 2019 በአንድ ጊዜ ከ700,000 የሚበልጡ ደንበኞች መብራት ተቋረጠባቸው። ደንበኛ ማለት አንድ ቈጣሪ ነው እንጂ አንድ ሰው አይደለምና፥ በጨለማ ያደሩት ነፍሳት ከዚህ እጅግ ይበዛሉ። በዚያው ወር መጨረሻ ደግሞ ማሪን በሚባለው አውራጃ ከስልክ ማማዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሥራቸውን አቆሙ። ስለዚህ መብራት ብቻ ሳይሆን ወሬም ጠፋ ማለት ነው።

እንግዲህ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው። አንዲት አረጋዊት እናት ልጆቻቸው ማታ ማታ በስልካቸው የነፋስና የእሳት ካርታ ሲመለከቱ አይተው የንስሓ አባታቸውን፦ «አባ፥ ነፋሱን በመዝገቡ የያዘው እርሱ ሳለ እኛ ካርታ የምናይ ከሆነ እምነታችን ወዴት አለ?» ብለው እንደ ጠየቁ ሰምተናል። ካህኑም፦ «እናቴ፥ ኤልያስ በቀርሜሎስ ራስ ላይ ፊቱን በጕልበቶቹ መካከል አድርጎ ሲጸልይ ብላቴናውን ወደ ባሕር እንዲመለከት ልኮት አልነበረምን?» ብለው መለሱላቸው። መልሱ መልካም ነው። ነቢዩ እየጸለየ ሰባት ጊዜ አስመለከተ፤ የሰው እጅ የምታህል ደመና በታየች ጊዜም ዝናሙ ሳይከለክለው ሠረገላውን ጭኖ እንዲወርድ ለንጉሡ ላከበት (1 ነገ. 18፥42—44)። ጸሎቱ መመልከትን አላስቀረም፤ መመልከቱም ጸሎትን አላጐደለም።

ለቅዱስ ጳውሎስም በዚያች መርከብ ላይ ከነበሩት ከ276 ነፍሳት አንዲት እንኳ እንዳትጠፋ በመልአክ ተነግሮት ነበር። ነገር ግን መርከበኞቹ በታንኳ ሾልከው ሊሸሹ ባሰቡ ጊዜ፥ እነዚህ በመርከቡ ካልቀሩ ልትድኑ አትችሉም ብሎ ለመቶ አለቃው ነገረው (ሐዋ. 27፥31)። ተስፋውን የሰጠ እግዚአብሔር የመርከበኞቹን እጅና ዕውቀት የተስፋው መፈጸሚያ አደረገ። ይህን ንቆ «እርሱ ያውቃል» እያሉ መቀመጥ እምነት የሚመስል ስንፍና ነው፤ ከዚያም ሲያልፍ ጌታችን በመቅደስ ጫፍ ላይ የተቃወመውን ፈተና መቀበል ይሆናል።

አሁን ወደ ካርታዎቹ እንመለስ። ብዙ ሰዎች ካርታ ሁሉ አንድ ይመስላቸዋልና ይሳሳታሉ። ካል ፋየር የተባለው የካሊፎርኒያ የደንና የእሳት መከላከያ መሥሪያ ቤት አገሩን በሦስት ደረጃ ከፍሎ በቢጫ፥ በብርቱካንማና በቀይ ቀለም ያወጣው ካርታ አለ፤ እርሱ የሚያሳየው ስፍራው በብዙ ዓመታት ውስጥ ለእሳት ያለውን መመቸት ነው እንጂ ዛሬ እሳት መኖሩን አይደለም። ቤቱ በቀይ ውስጥ መሆኑን አይቶ በዚያው ሌሊት የደነገጠም፥ ከቀለሙ ውጪ መሆኑን አይቶ የተዘለለም ሁለቱም ካርታውን አላነበቡትም። ለዕለቱ የሚያስፈልገው የብሔራዊው የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ካርታ ነው፤ ይህ መሥሪያ ቤት ነፋሱና ድርቀቱ ገና ሲታሰብ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን አስቀድሞ የመጠባበቂያ ምልክት ያወጣል፤ ነገሩ ሲቀርብና ሲረጋገጥም ሬድ ፍላግ የተባለውን የቀይ ሰንደቅ ማስጠንቀቂያ ያውጃል። ሦስተኛውም የኤሌክትሪክ ኩባንያው ራሱ የሚያወጣው፥ በመጪዎቹ ቀናት መብራት የት ሊቋረጥ እንደሚችል የሚያመለክተው ነው።

አራተኛው ካርታ ደግሞ ወጣቶቹ አብዝተው የሚወዱት ነው፤ ይኸውም ናሳ ከሰማይ በሚዞሩ ሳተላይቶች እየተመለከተ ትኩሳት ያለበትን ስፍራ በቀይ ነጥብ የሚያሳይበት ነው። ድንቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። ከነጥቦቹ ብዙዎቹ እያንዳንዳቸው በየወገኑ 375 ሜትር የሚያህል መሬትን በአንድነት የሚያመለክቱ ናቸውና፥ እሳቱ በየትኛው ቤት ደጅ እንዳለ አይናገሩም። ደግሞም ሳተላይቱ በአንድ ስፍራ ላይ የሚያልፈው በቀንና በሌሊት ጥቂት ጊዜ ነው። ፓራዳይዝ የተቃጠለችበትን ፍጥነት ያሰበ ሰው፥ ሳተላይቱ አልፎ እስኪመለስ አንዲት ከተማ ልትጠፋ እንደምትችል ያስተውላል። ስለዚህ ነጥቡ ሩቅ ነው ብሎ የመውጫ ትእዛዝን መናቅ ታላቅ ስሕተት ነው። ውጡ ከተባለ ካርታ ማየት ይቅር፥ ይወጣ።

ሌላም ብዙ ሰው የሚያጕረመርምበት ነገር አለ። «በእኛ ሰፈር ቅጠል እንኳ ሳይነቃነቅ መብራታችንን ለምን ያጠፋሉ?» ይላሉ። ምክንያቱ የሚያበራላቸው መስመር ከሩቅ ስለሚመጣና ነፋስ በሚያናውጠው ተራራ ላይ ስለሚያልፍ ነው። ሰማዩ በራስህ ላይ ጸጥ ብሎ ሳለ ያንተ መብራት የሚጠፋው በተራራው ሥር ያለው ባልንጀራህ በእሳት እንዳይጠፋ ነው። አንድ ብልት ቢሠቃይ ብልቶች ሁሉ ከእርሱ ጋር እንደሚሠቃዩ የተጻፈው (1 ቆሮ. 12፥26) በኤሌክትሪክ ቈጣሪ ላይ ይፈጸማል ብሎ ማን አስቦ ነበር! ነፋሱ ካለፈ በኋላም መብራቱ ወዲያው አይመለስም፤ ሠራተኞች መስመሩን በቀን ብርሃን ተዘዋውረው ማየት አለባቸውና። ስለዚህ ነፋሱ አንድ ሌሊት ቢሆን ጨለማው ሁለትና ሦስት ሌሊት ሊሆን ይችላል ብሎ መሰናዳት ይገባል።

ዝግጅቱን በተመለከተ፥ የዐሥሩን ደናግል ምሳሌ (ማቴ. 25፥1—13) የሚያውቅ ሰው ከእኛ ብዙ ትምህርት አይፈልግም። አምስቱም ሰነፎች መቅረዝ ነበራቸው፤ የጐደላቸው ትርፍ ዘይት ነው። ዛሬም በየቤቱ የእጅ ባትሪ አለ፤ ድንጋዩ ግን ያለቀ ነው። ስልክ አለ፤ የሚሞላበት ፓወር ባንክ ግን ባዶ ነው። መኪና አለ፤ ግን የጋራዡ በር በኤሌክትሪክ የሚከፈት ሆኖ በእጅ እንዴት እንደሚከፈት ያጠና የለም። በ2017ቱ እሳት በዚህ ምክንያት መውጫ ያጡ ሰዎች ስለ ነበሩ፥ ከጁላይ 2019 ወዲህ በካሊፎርኒያ የሚሸጥ የጋራዥ በር መክፈቻ ሁሉ የራሱ መጠባበቂያ ባትሪ እንዲኖረው በሕግ ታዝዟል፤ አሮጌው በር ግን አሁንም በየቤቱ አለ። የቀዘቀዘ ምግብ ማቀዝቀዣው ካልተከፈተ አራት ሰዓት ያህል ይቈያል፤ የሞላ በረዶ ቤት ደግሞ ወደ 48 ሰዓት። የስኳር ሕመምተኞች የሚወጉት ኢንሱሊን አብዛኛው ዓይነት ሙቀት ባልበዛበት ክፍል ውስጥ 28 ቀን ያህል ይቈያልና በድንጋጤ መጣል የለበትም፤ የእያንዳንዱን ግን መድኀኒት አዋቂውን አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። በኦክስጅን መሣሪያ የሚተነፍሱ ሕሙማን በኩባንያው ዘንድ ሜዲካል ቤዝላይን በሚባለው መዝገብ እንዲጻፉ ይሁን፤ መዝገቡ ማስጠንቀቂያ እንዲደርሳቸው ይረዳል እንጂ መብራታቸው እንዳይጠፋ አያደርግምና፥ ለመሣሪያው የሚሆን ባትሪ ወይም መብራት ያለበት የዘመድ ቤት አስቀድሞ ይፈለግ።

በዚህ ላይ የእኛን ወገን ለይቶ የሚመለከት አንድ ነገር ስላለ ጥቂት እንቈይበት። መብራት ሲጠፋ እናቶቻችን ልማዳቸው ወደ ከሰሉ ይወስዳቸዋል። በአገር ቤት ማድቤቱ ከመኖሪያው ተለይቶ የተሠራ ነው፤ ነፋስም እንደ ልቡ ይገባበታል። በአሜሪካ ያለው ቤት ግን መስኮቱ የተዘጋ፥ ስንጥቁ የተደፈነ፥ ይልቁንም በውጪ ጢስ ስላለ ጠበቅ ተደርጎ የሚዘጋ ነው። በዚያ ውስጥ ምድጃ አቀጣጥሎ ቡና ማፍላት ወይም መሞቅ ሞትን ወደ ቤት መጥራት ነው፤ ከሰሉ የሚያወጣው መርዘኛ አየር ቀለምም ሽታም የለውምና ሰው እንቅልፍ የመጣበት እየመሰለው ይሞታል። ጄኔሬተርም እንዲሁ ነው፤ ከቤቱ ቢያንስ ስድስት ሜትር ርቆ፥ ከመስኮትና ከበር ተለይቶ በውጪ ይቀመጥ እንጂ በጋራዥ ውስጥ እንኳ አይነሣ። ጧፍም እንደዚሁ ልብ ይባልበት። በሥዕሉ ፊት ጧፍ አብርቶ መጸለይ የአባቶቻችን ሥርዐት ነው፤ ነገር ግን መጋረጃ ባለበት፥ ሕፃናት በሚሯሯጡበት ጨለማ ቤት ጧፍ እንደ በራ መተኛት ሥርዐት አይደለም። ጸሎቱ ሲፈጸም ጧፉ ይጥፋ፤ ለሌሊቱ የእጅ ባትሪ ይበቃል።

የቤተ ክርስቲያኑም ጕዳይ ከዚህ አይለይም። ቅዳሴያችን ኤሌክትሪክ ከመኖሩ በፊት የተሠራ ነውና በመብራት መጥፋት አይታጐልም። የሚጠፋው የድምፅ ማጕያው ብቻ ነው፤ እርሱም ለጥቂት ቀን ቢያርፍ ዲያቆናቱ ድምፃቸውን ያሻሽሉበት ይሆናል። የሚያሳስበን የመስቀል ደመራ ነው። ደመራ የሚበራበት ወራት በካሊፎርኒያ ምድሩ ከሁሉ ይልቅ የሚደርቅበት ነው። የቀይ ሰንደቅ ማስጠንቀቂያ በታወጀበት ቀን በሜዳ እሳት ማንደድ በብዙ ስፍራ የተከለከለ ነው፤ ባይከለከልም አይገባም። አንዳንዶች ደመራ ካልነደደ በዓሉ የተሻረ ይመስላቸዋል። ንግሥት እሌኒ በአረጋዊው በኪራኮስ ምክር ዕጣን ጨምራ ደመራ ባስነደደች ጊዜ ጢሱን በማስተዋል ተመለከተችው፤ ወደ ሰማይ ወጥቶ ሲመለስ ያረፈበትን ተራራ አይታም አስቈፈረች። እሳት ማንደዱ ጢሱን ለማንበብ ነበር። የእርሷን በዓል የሚያከብር ጉባኤ የነፋሱን አቅጣጫ ሳያነብ ቢያነድ አብነቷን ተከተለ ልንል አንችልም። ለእሳት አደጋ መከላከያው አስታውቆ፥ ፈቃድ ተቀብሎ፥ ነፋስ ካለ ቀኑን አሳልፎ ወይም ደመራውን በአበባ አስጊጦ ሳያነዱ ዙሪያውን እየዞሩ መዘመር ይቻላል።

ስለ እሳት ስንናገር ከአንደበታችን ልንጠብቀው የሚገባን ነገር ደግሞ አለ። በጃንዋሪ 2025 በሎስ አንጀለስ ዙሪያ በፓሊሳይድስና በአልታዲና 30 ያህል ሰዎች ሲሞቱና ከ16,000 የሚበልጡ ሕንፃዎች ሲቃጠሉ፥ ይህ በኀጢአታቸው የመጣ ነው የሚሉ ቃላት በየአፉ ተሰምተዋል። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ኀጢአተኞች እንዳልነበሩ ጌታችን በግልጥ ተናግሯል (ሉቃ. 13፥4)። ቃሉን የሰሙትንም ወደ ገዛ ራሳቸው ንስሓ መለሳቸው እንጂ በሟቾቹ ላይ እንዲፈርዱ አልፈቀደላቸውም። ኤልያስም በኮሬብ ተራራ ብርቱ ነፋስ ሲያልፍ፥ ከነፋሱም በኋላ ምድር ስትናወጥ፥ ከዚያም እሳት ሲመጣ፥ እግዚአብሔር በእነዚያ ውስጥ እንዳልነበረ አይቷል (1 ነገ. 19፥11—12)። ነፋሱንና እሳቱን የእግዚአብሔር ፍርድ አድርጎ ለመተርጐም የሚቸኵል ሰው ከነቢዩ ይበልጥ ዐውቃለሁ ማለቱ ነው።

በአልታዲና የሆነው ሌላም ነገር ያስተምረናል። እሳቱ የተነሣው በጃንዋሪ 7 ቀን ምሽት ነው፤ ከሌክ ጎዳና በስተ ምዕራብ ላሉት የመውጫ ትእዛዝ የደረሳቸው ግን ከብዙ ሰዓታት በኋላ፥ ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ነው። በዚያ እሳት ከሞቱት ከጥቂት በቀር ሁሉም በዚሁ በምዕራቡ ወገን የነበሩ፥ ብዙዎቹም አረጋውያን ናቸው። ማስጠንቀቂያው በስልክ እስኪመጣ ድረስ ብቻ የጠበቀ ሰው ምን ያህል ሊዘገይ እንደሚችል ከዚህ ይታያል። ነቢዩ ሕዝቅኤል ሰይፍ ሲመጣ አይቶ ቀንደ መለከት ያልነፋ ጉበኛ የሟቹ ደም ከእጁ እንደሚፈለግ ጽፏል (ሕዝ. 33፥6)። በእኛ ጉባኤ ጉበኛው ማን ነው? እንግሊዝኛ የሚያነብ፥ ካርታ የሚያውቅ፥ ስልኩ ከእጁ የማይለይ ወጣት ነው። የሚጠበቁትስ እነማን ናቸው? ከአገር ቤት የመጡ፥ ልጆቻቸው ሥራ ሲውሉ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን የሚቀመጡ፥ የሚላክላቸውን መልእክት ማንበብ የማይችሉ አባቶችና እናቶች ናቸው። ወጣቱ ካርታውን ለራሱ ብቻ አይቶ ቢተኛ ዐይኑ ለማን ጠቀመ?

ስለዚህ በካሊፎርኒያ ላሉት ደብሮች አስተዳዳሪዎች ይህን እናሳስባለን። ነፋሱ ከመነሣቱ በፊት በሰንበት ትምህርት ቤቱ አማካይነት እያንዳንዱ ወጣት ሁለት ወይም ሦስት አረጋውያን ይሰጡት። የመጠባበቂያው ምልክት በወጣ ዕለት ይደውልላቸው፤ ቀይ ሰንደቅ በታወጀ ጊዜ ሄዶ ባትሪያቸውን፥ መድኀኒታቸውንና ውኃቸውን ይመልከት፤ የጋራዡን በር በእጅ ከፍቶ ያሳያቸው፤ ምድጃውንም ወደ ውጪ ያውጣላቸው። ስልክ እንደሚቋረጥ አስቦ መገናኛው የት እንደሆነ አስቀድሞ ይንገራቸው። መዝገቡ በስልክ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ይጻፍ። በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አረጋውያኑ የቤታቸውን አድራሻና የልጆቻቸውን ስልክ ይዘው ወደ ደጀ ሰላሙ ይምጡ፤ ልጆቹም ብዕርና ደብተር ይዘው በበሩ አጠገብ ይቈዩአቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።